ያረጁ የአሉሚኒየም ቸርኬዎችን ማደስ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት

በዚህ ማስታወሻ የማሰፍረው የአራት ባለ 16 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬዎችን እድሳት ነው። ፊታቸው ከፋብሪካ ሲወጣ በቶርኖ ተልጦ የብረቱ የራሱ ብሩህ መልክ እንዲታይ የተደረገና ከላዩ ግልጽ ቫርኒሽ ብቻ የተቀባ ሲሆን፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ በተዘረጉት ክንዶች መካከል ያለው ጎድጎድ ያለ ክፍልና የጀርባቸው ገጽ ግን ግራጫ ቀለም አላቸው። አሁን የሚታይባቸው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው። የውጭ ከንፈራቸው በመንገድ ጠርዝ ተፍቋል፤ የፍሬን ብናኝ ክንዶቹን አጥቁሯቸዋል፤ በቫርኒሹ ሥር ደግሞ ነጫጭ ክሮች ተሰራጭተዋል። ከአራቱ አንዱ ጎማው ሳይበሳ ቀስ በቀስ አየር ያጎድላል።

መፋቁና መጥቆሩ በዓይን ጎልተው ስለሚታዩ ባለ መኪናን የሚያስጨንቁት እነሱ ናቸው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሦስተኛው ነው። አንዱን ክር በማጉያ መነጽር ተከተልሁት። መነሻው ጠጠር የመታት ነጥብ ናት፤ ከዚያ በቫርኒሹ ሥር እየተጠማዘዘ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሄዶ ምንም ጉዳት የሌለበት በሚመስል ቦታ ላይ ይቆማል። በመርፌ ጫፍ ስነካው ቫርኒሹ በቀጭኑ ተላጠና ከሥሩ ነጭ ዱቄት ረገፈ፤ ከዱቄቱ ሥር ያለው ብረት ደብዛዛና በጥቃቅን ጥቋቁር ቀዳዳዎች የተነቃቀሰ ነው።

አሉሚኒየም አይዝግም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ብረቱ አየር እንደነካው ጥቂት ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ወዲያውኑ ያበጃል፤ ይህ ሽፋን የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች በግምት ከ4 እስከ 8.5 በሆነበት ክልል ውስጥ የጸና ነው። ጨውና እርጥበት በቫርኒሹ ስንጥቅ ሲገቡ ግን በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን ይሰብረዋል። በክሩ ራስ ላይ ኦክስጅን ያነሰበት፣ አሲዳማ የሆነ ጠብታ ይፈጠርና ብረቱን ያሟሟል፤ ከኋላው የሚቀረው ነጭ ውጤት ደግሞ ከቀድሞው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቫርኒሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። የክሩ ራስ በዚህ ዓይነት ጤነኛ በሚመስለው ቫርኒሽ ሥር እየቀደመ ይጓዛል። ስለዚህ የበሽታው ወሰን ዓይን ከሚያየው ነጭ ክር ያለፈ ነው፤ ነጩን ብቻ ፈግፍጎ በላዩ ቀለም የሚቀባ ሰው የክሩን ራስ ሳይነካ ጅራቱን ብቻ ቆርጧል ማለት ነው። አራቱም ቸርኬዎች እስከ ብረታቸው ድረስ እንዲገፈፉ የወሰንሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ፊቱን ዳግመኛ በቶርኖ ላለማስላጥ ነው። እያንዳንዱ መላጥ ከክንዱ ላይ ብረት ይወስዳልና ቸርኬው ይህን የሚሸከመው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የቶርኖ ምላጭ የሚተወው ጠርዝ ስለታም ነው፤ ፈሳሽ ቅብ ደግሞ ከስለታም ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ሽፋኑ እጅግ የሚሳሳው ጠጠር በብዛት በሚመታው በዚያው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሙሉ ፊታቸው ብርማ ቀለም እንዲቀባ ተወሰነ። የመጀመሪያውን መልክ ለሚወድ ሰው ይህ ኪሳራ መሆኑን አልክድም።

እሑድ፣ እጥበት

ቸርኬዎቹ ተፈትተውና ፈጽመው በርደው ታጠቡ። የጋለ ቸርኬ ላይ ማጽጃ ቢፈስስ ውሃው ቶሎ ተንኖ ኬሚካሉ ሳይታጠብ ደርቆ ይቀራል፣ ምልክትም ይተዋል።

በመጀመሪያ በተራ ውሃና ገለልተኛ ሳሙና ጭቃውና ቅባቱ ተወገደ፤ ከዚያ የብረት ብናኝ ማሟሟያ ተረጨ። የፍሬን ብናኝ በሚረጭበት ጊዜ የጋለ ስለሆነ ቫርኒሹ ውስጥ ይቀረቀራል፤ በሳሙና የማይለቀውም ስለዚህ ነው። የማሟሟያው ዋና ንጥረ ነገር ቲዮግላይኮሌት በፍሬን ብናኙ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፤ ፈሳሹ በየክንዱ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲወርድ ብረቱ የት እንደተሸሸገ ያሳያል። ሽታው የሚከረፋ ነው። ሳይደርቅ መታጠብ አለበት።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ ያለባቸውን ማጽጃዎች አላስጠጋሁም። በቅጽበት የሚያነጡት የኦክሳይዱን ሽፋን ራሱን ስለሚበሉት ነው፤ በቆዳ ውስጥ ዘልቆ ሕመሙ ዘግይቶ የሚሰማ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርሱም ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሆኑ አይደሉም። መፈግፈጊያውም የናይለን ብሩሽ ብቻ ነው፤ ተራ የብረት ብሩሽና የብረት ሱፍ በአሉሚኒየሙ ላይ የሚተዉት ቅንጣት ኋላ ዝገት የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል።

ሰኞ፣ ጎማዎቹ ከወጡ በኋላ

ጎማዎቹ በማሽን ወጡ። አየር የሚያጎድለው ቸርኬ ምክንያቱ ወዲያው ታወቀ፦ የጎማው ጠርዝ በሚቀመጥበት ቀለበት ላይ ነጭ ኦክሳይድ ተጋግሮ ላስቲኩ እንዳይገጥም አድርጎታል። ቫልቩም አርጅቶ ስለነበር በአራቱም ላይ ይለወጣል።

በውስጠኛው ከንፈር ላይ በቅንጥብ የተያዙ የብረት የባላንስ ክብደቶች ነበሩ፤ ሲነሡ በእያንዳንዳቸው ሥር የክብደቱን ቅርጽ የያዘ የተበላ ምልክት ተገኘ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ እርጥበት ሲያገናኛቸው ይበልጥ ንቁ የሆነው፣ በዚህ ቦታ አሉሚኒየሙ፣ ራሱን እየሰጠ ያልቃል። ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ በሚያርፈው ገጽ ላይ የታየውም መጣበቅ ከዚሁ የመጣ ነው።

ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ የሚመረመረው አሁን፣ ቀለምም ስቱኮም ሳይሸፍነው ነው። የምርመራው ቀለም ዘዴ ቀላል ነው። በንጹሕ ገጽ ላይ ቀዩ ፈሳሽ ይረጫል፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፣ ከላይ ያለው ይጠረጋል፣ ከዚያ ነጩ ገላጭ ዱቄት ይነፋበታል፤ ስንጥቅ ካለ የገባበት ቀይ ቀለም በነጩ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይወጣል። በተለይ የክንዶቹን ሥርና የውስጠኛውን ከንፈር መረመርሁ፤ ጥቃቅን ነጠብጣቦች እንጂ መስመር አልታየም፤ ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ሲፈስስ የቀረ የአየር ቀዳዳ ነው።

መስመር ቢወጣ ኖሮ ያ ቸርኬ ይጣል እንጂ አይበየድም ነበር። ብዙዎቹ ቀልጠው በቅርጽ የሚፈስሱ ቸርኬዎች የሚሠሩት ኤ356 ከተባለው፣ 7 በመቶ ያህል ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዚየም ካለበት ቅይጥ ሲሆን፣ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ቲ6 በሚባለው የሙቀት ሕክምና ነው፤ ይኸውም በ540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከጋሉ በኋላ በውሃ ይቀዘቅዙና እንደገና ዝቅ ባለ ሙቀት ለሰዓታት እንዲረጉ ይደረጋል። የብየዳ ሙቀት በስፌቱ ዙሪያ ያለውን ይህን ሕክምና ያጠፋዋል። ተበይዶ ተሞርዶ የተቀባ ቸርኬ አዲስ ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ረቡዕ ማታ፣ ቅቡን መግፈፍ

ለመግፈፍ የመረጥሁት በቤንዚል አልኮል ላይ የተሠራ ዝልግልግ ማላቀቂያ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ በላዩ ላይ ፕላስቲክ አልብሶ እንዳይደርቅ አድርጎ ማሳደር ያስፈልጋል። ዳይክሎሮሜቴን ያለበት የድሮው ማላቀቂያ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰው ነበር፤ ነገር ግን ትነቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰዎችን የገደለ በመሆኑ በብዙ አገሮች ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ኮስቲክ ሶዳን ደግሞ ፈጽሞ ማስጠጋት አይገባም፤ ከቀለሙ ጋር አሉሚኒየሙንም ይበላል፣ ሲበላም ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጅን ያወጣል።

በማግስቱ ቫርኒሹ በሰፋፊ ቁርጥራጭ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ግራጫ የዱቄት ቅብ (በዱቄት መልክ ተረጭቶ በሙቀት የሚጋገር ቀለም) ግን አሻፈረኝ ብሎ ሁለተኛ ማላቀቂያ ጠየቀ። የፕላስቲክ መፋቂያ፣ የናይለን ብሩሽ፣ ብዙ ውሃ፤ ስለዚህ ክፍል ከዚህ የበለጠ የሚነገር የለም።

ቅዳሜና እሑድ፣ ክሮቹን እስከ ጫፋቸው መከተል

ቅቡ ከለቀቀ በኋላ ክሮቹ ነጭ መሆናቸው ቀርቶ በብረቱ ላይ ጠቆር ያሉ ጠመዝማዛ መንገዶች ሆነው ቀሩ። የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው። ብርሃን ከጎን እንዲመታ መብራቱን ዝቅ አድርጌ እያንዳንዱን መንገድ እስከ መጨረሻው ተከተልሁ፤ ጫፉ ካለቀበትም ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አልፌ ፈገፈግሁ። መነሻው 180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሲሆን ቀጥሎ 240፣ በመጨረሻም 320 ነው። ቁጥር በተለወጠ ቁጥር የእጁን አቅጣጫ ከቀድሞው ጋር መስቀለኛ ማድረግ ይጠቅማል፤ የቀድሞው ጭረት ሁሉ ጠፍቶ የአዲሱ ብቻ ሲቀር ያ ደረጃ መጠናቀቁ ይታወቃል።

አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች ጠለቅ ያሉ ስለነበሩ መልኩ እስኪጠፋ ብቻ መፈግፈጉ አላጠገበኝም። የወረቀቱ ገጽ አልፎባቸው በላያቸው ብሩህ ሆነው ይታያሉ፤ በመርፌ ጫፍ ሲጎረጎሩ ግን ውስጣቸው ዱቄት አለ። ያ ዱቄት ጨው ያዘለ በመሆኑ በፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚቀባው የመሠረት ቅብ) ሥር ቢቀበር እርጥበት ይስባል። እነዚህን በጠባብ የማይዝግ ብረት ብሩሽ አውጥቼ፣ ሞቅ ባለ ንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ፣ ካደረቅሁ በኋላ እንደገና ፈገፈግሁ።

በመንገድ ጠርዝ የተፋቀው ከንፈር በአንጻሩ ቀላል ነው። የተነሣው ብረት በለስላሳ ሞረድ ተስተካከለ፣ ቀሪው በወረቀት ተለሰለሰ፤ ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያለፈው ጥቂት ቦታ የአሉሚኒየም ዱቄት ባለበት ኤፖክሲ (ሁለት ክፍሉ ሲደባለቅ የሚጠነክር ሙጫ) ተሞላ። ይህ መሙያ ለመልክ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ የጎማው ጠርዝ በሚቀመጥበት ቀለበት ላይ፣ በቡሎን መቀመጫ ላይና ሞዞው በሚነካው ገጽ ላይ አይገባም። የቀለበቱ ኦክሳይድ በእጅ ብቻ፣ ብረቱን ሳያጎድሉ ተወገደ። በቶርኖ የተተወው ስለታም ጠርዝ ሁሉ በ320 ወረቀት በስሱ ተጠጋግቷል።

ስለ ብናኙ አንድ ነገር ልጨምር። ደቃቅ የአሉሚኒየም ብናኝ በአየር ላይ ሲበተን በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፤ ከብረት ዝገት ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የባቡር ሐዲድ የሚበየድበት የቴርማይት ውህድ ይሆናል። ስለዚህ የሚዝግ ተራ ብረት የተሞረደበትን ግራይንደር ለዚህ ሥራ አልተጠቀምሁም፤ አብዛኛውን የፈገፈግሁት በእርጥቡ ነው። እርጥቡን ብናኝ በተከደነ ዕቃ ማጠራቀምም አይገባም፤ ከውሃው ጋር እየተዋሃደ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል።

ብረቱ በዚህ ደረጃ ላይ ሲያምር ቀለሙን ትቶ እንደ መስተዋት ማወልወል ያጓጓል። እስከ 2000 ቁጥር ወረቀት ድረስ ሄዶ፣ በጥጥ መወልወያና በማወልወያ ሰም ጨርሶ፣ እውነትም የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ማግኘት ይቻላል። ያ ድምቀት ግን ያለ ሽፋን ቶሎ ይደበዝዛልና ባለቤቱ በየጊዜው ማወልወልን ልማዱ ካላደረገው አይዘልቅም። በላዩ ቫርኒሽ ልቀባ ቢል ደግሞ እንዲያ የለሰለሰ ገጽ ለቅብ መያዣ አይሰጥም፤ ክሮቹ የሚወዱትም ይህንኑ ነው። ለዘወትር መኪና አልመክረውም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከብረት እስከ ፕራይመር

በጠዋቱ ቸርኬዎቹ በቅባት ማስወገጃ ታጠቡ፤ ንጽሕናቸው የተፈተነው በውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ በገጹ ላይ ሲፈስስ ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ከተኛ ቅባት የለም፤ ተሰብስቦ ጠብታ ከሠራ፣ ወይም መሐሉ ላይ ደረቅ ደሴት ከተወ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቅባት ቀርቷል። በአንዱ ክንድ ሥር ውሃው እየሸሸ ስላስቸገረ ያ ክፍል ተደግሞ ታጠበ። ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት የነካው ሰው የለም።

ቀጥሎ በዚርኮኒየም ላይ የተመሠረተ የገጽ ማዘጋጃ ፈሳሽ ተቀባ፤ ይህ የአሉሚኒየሙን ኦክሳይድ ቅብ አጥብቆ ወደሚይዝ እጅግ ስስ ሽፋን ይለውጠዋል። ለዘመናት በዚህ ተግባር የሚታወቀው ክሮሜት ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር አምጪ በመሆኑ ከቤት ውስጥ ሥራ የራቀ ነው። ፈሳሹ ከታጠበና ቸርኬዎቹ ለብ ባለ አየር ከደረቁ በኋላ ቅቡ ለሌላ ቀን አይተላለፍም፤ የዚያኑ ዕለት ፕራይመሩ መግባት አለበት።

ፕራይመሩ ባለ ሁለት ክፍል ኤፖክሲ ነው። አሲድ ያለበትን ራሱ የሚነክስ ፕራይመር መጠቀምም ይቻላል፤ ሁለቱን መደራረብ ግን አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር አይገባም፣ የታችኛው አሲድ የላይኛውን ኤፖክሲ መድረቅ ሊያበላሸው ይችላልና። ከመረጨቱ በፊት የቡሎን መቀመጫዎች፣ የመሐሉ ቀዳዳና ሞዞው የሚያርፍበት ገጽ በወረቀት ፕላስተር ተሸፈኑ። በእነዚህ ገጾች መካከል ወፍራም ቅብ ቢገባ በጭነት እየተጨፈለቀ ይሳሳል፤ ቡሎኑ የነበረው ጥብቀትም አብሮት ይላላል።

ክፍሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ነበር። የሙቀት መጠኑ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የብረቱ ሙቀት ከጤዛ ነጥቡ (የአየሩ እርጥበት ወደ ጤዛ ከሚለወጥበት ሙቀት) ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፣ አለዚያ ዓይን የማያየው እርጥበት በብረቱና በፕራይመሩ መካከል ይቀራል።

እሑድ፣ ቀለምና ቫርኒሽ

የዱቄት ቅብን ለማስቀባት አስቤ ነበር፤ ጥሩ ሲሠራ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን የሚደርስ ጠንካራ ሽፋን ይሰጣል። የሚጋገረው ግን ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ሙቀት ቲ6 ሕክምናው ከረጋበት የሚበልጥ ወይም የሚቀራረብ ስለሆነ፣ በልኩ አንድ ጊዜ ቢደረግ ብዙ ባይጎዳም፣ ሰዓቱ ሲራዘምና ሲደጋገም ብረቱን ያለሰልሰዋል። እነዚህ ቸርኬዎች ከዚህ በፊት በፋብሪካ ተጋግረዋልና ፈሳሽ ቅብ ይሻላል አልሁ።

ፕራይመሩ በስሱ ተለስልሶ ብርማው ቀለም በስስ በስሱ ተደራረበ። ይህ ቀለም የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ስላሉበት በአንድ ጊዜ ወፍሮ ከተረጨ ቅንጣቶቹ ተንሳፍፈው ደመና የመሰለ ነጠብጣብ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ርጭት የተጀመረው ከጎድጓዳው ክፍልና ከክንዶቹ ጎን ነው፤ ፊቱ በቀላሉ ስለሚደረስበት ለመጨረሻ ቆየ። ጀርባውም ሙሉ በሙሉ ተቀብቷል፤ ውሃና ጨው የሚጠራቀሙት በዚያ በኩል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ስለማይታየው ይተወዋል።

ቫርኒሹ ባለ ሁለት ክፍል ዩሬቴን ነው። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ለዘለቄታው በአስም ሊያስጠቃ የሚችል፣ በሽታው ግን ከማስጠንቀቂያው የሚቀድም ንጥረ ነገር ነው፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል ምንም አይከላከልም። ስለዚህ ቫርኒሹን የረጨው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀርብለትና የመርጫ ክፍል ያለው ባለሙያ ነው፤ እኔ ያስረከብሁት ገጹ የተዘጋጀና ቀለሙ የገባ ቸርኬ ነው። ሁለት ሙሉ ቅብ አግኝቷል።

ከሳምንት በኋላ፣ መግጠም

ቫርኒሹ ሲነኩት ከደረቀ ቆይቷል፤ የጎማ ማስገቢያውን ማሽን ጫና እንዲችል ግን ሳምንት ያህል ታገሥሁ። ጎማዎቹ ሲገቡ በቀለበቱ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅባት ተደረገ፤ የባላንስ ክብደቶቹም ከክንዶቹ ጀርባ ባለው ለስላሳ ገጽ ላይ በሙጫ የሚለጠፉት ዓይነት ሆኑ፣ በከንፈሩ ላይ ምንም ቅንጥብ አልገባም።

የሞዞው ገጽ ከዝገት ተጠርጎ በመሐሉ ክብ ላይ ብቻ እጅግ ስስ የሆነ የማያጣብቅ ቅባት ተቀባ። በቡሎኖቹ ጥርስና መቀመጫ ላይ ቅባት አይደረግም፤ ያ ከሆነ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካው የቶርክ ቁልፍ ላይ የሚነበበው ልክና ቡሎኑ በእውነት የሚያገኘው መወጠር ይለያያሉ። በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ታሰሩ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም በዚያው ልክ ተፈተሹ።

ለጥበቃ የሴራሚክ ሽፋን ተደርጓል። ይህ ሽፋን የሚሰጠውን ከማይሰጠው መለየት ያሻል፦ የፍሬን ብናኝ በቀላሉ እንዲታጠብ ያደርጋል፣ የጠጠር ምትን ግን አያቆምም። ስለዚህ ከእንግዲህ ያለው እንክብካቤ በገለልተኛ ሳሙና ማጠብ፣ ጨው ባለበት ወቅት ጀርባውንም በውሃ ማለቅለቅ፣ ሲታጠብም በደንብ ማየት ነው። ብረቱ የታየበት ምት ከተገኘ ቦታው በአልኮል ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ በቀጭን ብሩሽ በመጀመሪያ ጥቂት ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ቫርኒሽ ይነካበታል። በዙሪያው ነጭ ነገር ከጀመረ ግን መንካቱ በቂ አይደለም፤ ቫርኒሹ ከነጩ ወዲያ ጤነኛው ላይ እስኪደረስ ድረስ ተነሥቶ፣ ብረቱ ታጥቦና ተፈግፍጎ እንደገና ከፕራይመር ይጀመራል።